የበሩ አምፖል ድርሻ

ማክሰኞ ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአንድ አሮጌ የቆርቆሮ በር በላይ አንድ አምፖል በጠራራ ፀሐይ በርቶ አየሁ።

ከቡሬ የተነሳሁት ደምበጫ ለቅሶ ለመድረስ ነበር። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ «አርባ ደቂቃ ነው፤ ሻይ ጠጡ» ብሎን ክሪኩን አወጣ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሻይ ቤት ሲገቡ እኔ እግሬ ወደሚያውቀው ሰፈር አመራሁ። በከተማዋ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። ወደዚያ ቅያስ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ታጥፌ አላውቅም። ምክንያቱን ለራሴም አልነገርኩትም፤ ሁልጊዜ የሚያስቸኩለኝ ነገር ነበር።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ልጄ ከባሕር ዳር የመብራት ሂሳብ ፎቶ በስልክ ልካልኝ ነበር። የምትኖርበት ፎቅ ተከራዮች በጋራ የሚከፍሉት ሂሳብ ነው። «አባዬ፣ ይኼን የኮሪደር መብራት የሚሉትን እየው። ኮሪደሩ እኮ ጨለማ ነው! እንዴት ነው የማሰርዘው? አንተ አይደለህ ስለዚህ የምትጽፈው?» ብላ ጽፋለች። እውነቷን ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ስለ ብዙ ነገር ጽፌያለሁ፤ አንባቢ የሚያስታውሰኝ ግን በቤት ወጪ ዓምዴ ነው። ሂሳብ ሲመጣላችሁ ድምሩን ብቻ አትዩ፣ መስመር በመስመር አንብቡ፣ ያልተጠቀማችሁበትን አሰርዙ። ይኼንኑ ምክር በተለያየ ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላስታውስም። የት እንደጀመርኩት ግን አንድ ጊዜም አልጻፍኩም። አምፖሉ ሥር ቆሜ፣ ለልጄ መልስ ሳልሰጥ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ክፍል ተቀጥሬ የስብሰባ ዜና እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትንም በሰሌዳ እለጥፋለሁ። ጋዜጠኛ ብሎ የሚጠራኝ እኔው ራሴ ብቻ ነበርኩ። የተከራየሁት ከዚያ የቆርቆሮ በር ጀርባ፣ በእትዬ ዘይነባ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ዘይነባ በገበያው በርበሬና ጨው የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ከእሳቸው ቤት ጎን አንድ ጣሪያ የያዛቸው አራት የጭቃ ክፍሎች ተደርድረዋል። በመጀመሪያው ልብስ ሰፊው መላኩ፣ በሁለተኛው ሁለት ወጣት አስተማሪዎች፣ በሦስተኛው እኔ፣ በመጨረሻው ጋሽ እንዳላማውና ሚስታቸው እትዬ አንጓች ነበርን። ጋሽ እንዳላማው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከቤት ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ እንኳ ኮታቸውን ይቆልፋሉ።

እትዬ አንጓች አስም ነበረባቸው። ጭስ ትንሽ ከሸተታቸው ደረታቸው ያፏጫል፤ ከንፈራቸው ይጠቁራል። ስለዚህ ከሰል የምናቀጣጥለው ከግቢው ጥግ፣ ከክፍላቸው ርቀን ነበር። ባልና ሚስቱ የሚያበስሉት በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ሌላም ነገር ነበር፤ እትዬ ዘይነባ በርበሬ ነጋዴ ሆነው ሳለ በግቢያቸው አንድ ጆንያ በርበሬ አያሳድሩም፤ ለእሱ ገበያው አጠገብ መጋዘን ይከራያሉ። ይኼን ሁሉ በዐይኔ አይ ነበር። ያየሁትን አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘሁትም።

በዚያ ዘመን ቆጣሪው አንድ በሆነ ግቢ ሂሳብ የሚካፈለው በአምፖል ነው። ሂሳቡ በመጣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁላችንም ግቢው መሀል በርጩማ ይዘን እንቀመጣለን። እትዬ ዘይነባ ቅርንፉድ የበዛበት ሻይና ዳቦ ያቀርባሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ይጀምራሉ። «የእኔ ሁለት። መላኩ አንድ፤ ካውያው እንደ ሦስት። መምህራኖቹ አንድ፤ ሬዲዮው ግማሽ። ይበልጣል አንድ። ጋሽ እንዳላማው አንድ። የበሩ አራት።» ይበልጣል የሚሉት እኔን ነው። የበሩ አምፖል ሲነጋ ድረስ ስለሚበራ እንደ አራት ይቆጠራል፤ እሱን ሁላችንም እኩል እንካፈለዋለን። ማንም አይከራከርም። ሻይ ይጠጣል፣ ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ ወሬ ይቀጥላል።

አንድ የየካቲት ምሽት ከሥራ ስገባ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ተሰናከልኩ። መብራት አልጠፋም፤ የጎረቤት መስኮት ሁሉ በርቷል። ቀና ብዬ ሳይ የበሩ አምፖል ማቀፊያ ባዶ ነው፤ ሸረሪት ድሩን አድርቶበታል። በማግስቱም ባዶ ነበር። በሳምንቱም። ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ «ባዶ» እያልኩ ሦስት ወር መዘገብኩ። እንደ ትልቅ ምርመራ ነበር የያዝኩት። የደረስኩበትን መደምደሚያም ለማንም ሳልነግር ይዤው ዞርኩ፤ እትዬ ዘይነባ የራሳቸውን ፍጆታ በበሩ ስም እኛ ላይ ይጭናሉ የሚል ነው። ከእኔ ድርሻ በዚያ ስም በወር የሚወጣው የሁለት ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ነበር።

በግንቦት የመጀመሪያው እሑድ ሰማዩ ደመና አርግዞ፣ ግቢው አፈር አፈር ይሸታል። እትዬ ዘይነባ «የበሩ አራት» ሲሉ እንደ ስብሰባ እጄን አወጣሁ።

«እድል ይሰጠው!» አለ መላኩ እየሳቀ።

«የበሩ አምፖል የለም» አልኩ። «ማቀፊያው ባዶ ነው። ሦስት ወር አይቻለሁ፤ ጽፌዋለሁ።» ደብተሬን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

የመላኩ ሳቅ ቆመ። አስተማሪዎቹ ዳቧቸውን መቆራረስ ያዙ። እትዬ ዘይነባ በራዱን ሳይሆን ፊቴን እያዩ፣ በቀስታ «ልጄ፣ ሻይህ እየቀዘቀዘ ነው» አሉኝ።

«ሻዩን እጠጣለሁ፣ እትዬ። የማንን መብራት እንደምንከፍል ግን ይነገረን።»

«ተው እንጂ፣ አንተ ልጅ» አለ መላኩ። «ያንተን ድርሻ እኔ እከፍልልሃለሁ። ሱሪህንም በነጻ እተኩስልሃለሁ። ተቀመጥ።»

«ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም፤ የእውነት ነው» አልኩ። ይኼን ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ። ድምፄም እንዴት እንደነበረ አስታውሳለሁ።

ለእኔ የቆመልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ እንዳላማው ከበርጩማቸው ተነስተው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ልጁ ያለው ሕጋዊ ነው» አሉ። «አቤቱታ ቀርቧል፤ በጽሑፍም ተይዟል። እንግዲህ መጣራት አለበት። ሲጣራ የወይዘሮ ዘይነባም ስም ይነጻል። እኔ በበኩሌ ያለ ማስረጃ እንዲነገርባቸው አልወድም።»

«እርስዎ እንኳ ይተዉት፣ ጋሽ እንዳላማው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «በአላህ ይዤዎታለሁ።»

«እንዴት ብዬ? አምስት ዓመት በቤትዎ በክብር ኖሬ፣ ስምዎ ሲነሳ ዝም ልበል?»

አጣሪ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የመረጥኩትም እኔው። ቆጣሪው በእትዬ ዘይነባ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ ቀይ ምልክት ያለባት ክብ ሰሌዳ ትሽከረከራለች። ብዙ መብራት ሲፈጅ ትፈጥናለች። ሁሉም ያለውን እንዲያጠፋ አደረግሁ፤ ሰሌዳዋ ቆመች። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል ተራ በተራ ያለውን ሁሉ እንዲያበራ አዘዝኩ። በእትዬ ዘይነባ ጀመርኩ። ሁለቱ አምፖሎቻቸው በሩ፤ ሰሌዳዋ እንደ ኤሊ ተንቀሳቀሰች። ሦስተኛ ነገር የላቸውም። ቤታቸውን ገብቼ ሶኬቶቹን አየሁ። እሳቸው ሻርፓቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ያኔ ማቆም እችል ነበር። ስማቸው ነጽቷል። እኔ ግን በበሩ ስም የተከፈለው የት እንደገባ ማወቅ ፈለግሁ። የአስተማሪዎቹን አየሁ። የመላኩን ካውያ አየሁ፤ የተቆጠረበትን ያህል ነው የፈጀው። የራሴንም በትክክል አየሁ።

ጋሽ እንዳላማው ተራቸው ሲደርስ ወደ ክፍላቸው ዞረው ጮክ አሉ። «አንጓች! ያለሽን ሁሉ አብሪ፤ ምንም እንዳታስቀሪ!»

እትዬ አንጓች ድንች ጥደው ነበር። ምድጃውን መልሰው ሰኩት።

ሰሌዳዋ ሮጠች። ቀዩ ምልክት ሄዶ ሲመጣ ዐይን አይይዘውም። እኔ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ነበር፤ ስንት ላይ እንዳቆምኩ አላውቅም። ቆጣሪውን የምናየው ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናችንን ያወቅሁት ዘወር ስል ነው፤ እኔና ጋሽ እንዳላማው። ሌሎቹ ሻያቸው ውስጥ ያያሉ።

«ምድጃው በኪራዩ ውስጥ ነው ብለውኝ አልነበረም፣ ወይዘሮ ዘይነባ?» አሉ ጋሽ እንዳላማው።

እትዬ ዘይነባ በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

ጋሽ እንዳላማው ቀስ ብለው አንድ በአንድ አዩን፤ መላኩን፣ አስተማሪዎቹን፣ የበሩን ባዶ ማቀፊያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይበልጣል፣ ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ መላኩ ቤት ገባሁ። ሱሪ ይተኩስ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

«የበሩ ጨለማ መሆኑን ለማወቅ አንተን የጠበቅን መሰለህ?» አለኝ። «እዚያ ድንጋይ ላይ እኔ በየማታው እሰናከላለሁ። ጋሽ እንዳላማው ምድጃውን በጡረታቸው አይችሉትም። እንርዳዎት ብትላቸው የዚያኑ ቀን ግቢውን ይለቃሉ። እትዬ ዘይነባ ብቻቸውን ከፍለው ከፍለው ሲያቅታቸው በር አሉ፤ እኛም በር አልን። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለምን አልጠየቅከንም?» ካውያውን አቆመ። «ሦስት ወር ሙሉ አምፖል አየህ። ሰው ብትጠይቅ ምን ነበረበት?»

  ደብተሬ ላይ ከሠፈረው ውስጥ አንድም ስሕተት አልነበረም፤ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ባዶነቱም። ከዚያ ወዲህ ስሙ የሚነሳበትን ሰው ሳልጠይቅ አንድ መስመር አትሜ አላውቅም። ወጣት ጋዜጠኞች ይኼን ጥንቃቄ ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «የሙያው ደንብ ነው» እላቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ እንዳላማው በሬን አንኳኩ። ወረቀት ይዘው ነበር። «ምድጃው በሩ ላይ የተቆጠረበትን ጊዜ ሁሉ አስላልኝ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰውን ለይተህ» አሉኝ። እንቢ ማለት እችል ነበር። መሳሳት እችል ነበር። ቁጥሩን ማሳነስም እችል ነበር። ተቀምጬ በማስመሪያ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ስሌቱንም ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። የቆዳ ሻንጣቸውንና የግድግዳ ሰዓታቸውን ገበያ አውጥተው ሸጡ። በየክፍሉ እየዞሩ የየሰዉን ድርሻ በፖስታ አደሉ። መላኩ አልቀበልም ብሎ ሲገፋ ፖስታውን መስፊያ መኪናው ላይ አስቀምጠው ወጡ። እኔ ተቀበልኩ። የገባሁት ገና በቅርብ ስለነበር ድርሻዬ ትንሽ ናት፤ ግን ተቀበልኩ።

ምድጃው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበራም።

ሰኔ ገባ። የእኔና የእነሱ ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጋሽ እንዳላማው ከሰሉን ዝናብ ላይ፣ ኮታቸውን እንደቆለፉ፣ በጃንጥላ ሥር ያቀጣጥሉና ፍሙ እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ዝናቡ ሲበረታ ግን የከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ግድ ይሆናል። ያኔ በግድግዳው በኩል የእትዬ አንጓች ሳል ይመጣል። መጀመሪያ አጫጭር ነው፤ ከዚያ ይረዝማል፤ ከዚያ ፉጨቱ ብቻ ይቀራል። እትዬ ዘይነባ ምግብ ሠርተው ይልካሉ፤ ጋሽ እንዳላማው ሰሃኑን በአክብሮት አመስግነው፣ እንደተከደነ ይመልሱታል። የወሩ ሂሳብ ስብሰባ እንደ ወትሮው ቀጠለ። የበሩ አራት ከቆጠራው ወጣ። ሻይ ቀረበ፤ ማንም ሁለተኛ ብርጭቆ አልጠየቀም።

ነሐሴ ሲጋመስ፣ የተጠበሰ በቆሎ በየመንገዱ በሚሸጥበት ሰሞን፣ ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ወጡ። ወደ ጅጋ ገጠር፣ ወደ እትዬ አንጓች ወንድም ዘንድ መሄዳቸው ነው። እትዬ አንጓች ጋሪው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያልፉ «ደህና ሁን፣ ልጄ፤ መጻፍህን እንዳትተው» አሉኝ። ለማሾፍ አልነበረም፤ እሳቸው የማሾፍ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ይቅርታ ልጠይቃቸው ጅጋ ሄድኩ። ከከተማዋ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። በርበሬ በየሜዳው ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል፤ አየሩ ያስነጥሳል። የምናገረውን መንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነበር የሄድኩት። ጋሽ እንዳላማውን ቤታቸው ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኮቱ ያው ነው፤ አንገታቸው ቀጥኖበታል። እትዬ አንጓች ባለፈው ክረምት ሐምሌ ላይ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ደረታቸው ነው አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጭሱ ነው ብዬ ለመጻፍ የሚያስችል ማስረጃ የለኝም። ያየሁት ይኼን ነው፤ ቤቱ ክብ የሣር ቤት ነበር፣ ምድጃው መሀሉ ላይ ነው፣ አንድ በር አለው፣ መስኮት የለውም።

የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። እየበላሁ ሳለ ድንገት እንዲህ አሉኝ፤ «እኔ አንተን አመሰግንሃለሁ፣ ይበልጣል። የሰው መብራት እያነደድኩ ሳላውቅ ልሞት ነበር። ዕዳዬን ከፍዬ ነው የወጣሁት። ባንተ ነው።»

ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ትቼ፣ «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ይኼንን ነው ያልኩት። ምንም አይደል። ድንቹን ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሳይመሽ ጅጋ ለመድረስ ተነሳሁ። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብዬ ነበር። አልሄድኩም። ከዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁ።

ማክሰኞ ዕለት አምፖሉ ሥር ቆሜ ይኼን ሳስብ በሩ ተከፈተ። ሻርፕ የደረበች፣ በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለች ሴት ባልዲ ይዛ ወጣች። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ፋጡማ ናት። ያኔ ጅማ አጎቷ ዘንድ ትማር ስለነበር በክረምት ብቻ ነበር የማያት። እሷ አላወቀችኝም።

«ሰው ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ አላፊ ነኝ። አምፖላችሁ በቀን በርቷል፤ ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

ሳቀች። «ሁሉም ሰው ይነግረናል። ማጥፊያ የለውማ።»

«እንዴት?»

«እናቴ ናት፣ አላህ ይማራትና። ድሮ፣ የሆኑ ሽማግሌ ተከራይ የለቀቁ ሰሞን ነው ያስገባችው። ሠራተኛው ማጥፊያውን የት ላድርግልሽ ቢላት 'አያስፈልግም፤ የተከፈለበት ነው፣ ይብራ' አለችው። ሲቃጠል እንቀይረዋለን። መብራት ከሌለ ነው እንጂ አይጠፋም።»

«ተከራዮች ይካፈሉታል?»

«የበሩን? ኧረ አይቆጠርባቸውም። እናቴ አደራ ብላ ነው የሞተችው።» ባልዲዋን አስቀመጠች። «ስምዎን ማን ልበል?»

ነገርኳት። ትንሽ አየችኝ። «ይበልጣል» አለች ለራሷ፤ ከዚያ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። «ሻይ ተጥዷል፤ ይግቡ።» መኪና እንደሚጠብቀኝ ነገርኳት። እውነትም ይጠብቀኝ ነበር።

ወደ ሚኒባሱ ስመለስ ለልጄ መልስ ጻፍኩ። «ኮሪደሩን ከማሰረዝሽ በፊት ጎረቤቶችሽን አንድ በአንድ ጠይቂ። በስብሰባ ላይ አይሁን።» ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ማታ እደውልልሻለሁ አልኳት፤ ይኼ ጽሑፍም ከዚያ ስልክ በኋላ የተጻፈ ነው።

ሚኒባሱ የተነሳው ለሰባት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከዋናው መንገድ፣ በቅያሱ አፍ በኩል፣ የቆርቆሮው በር ይታያል። አምፖሉ በርቶ ነበር።